በዓይን የማይታየውን መማር
(አዲስ ወደ ትምህርት ክፍሉ ለገቡ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ። ይህን ትምህርት ብላችሁ የመጣችሁም፣ ሕክምና አስባችሁ ነጥብ ያልሞላላችሁም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ሁለተኛው ወገን ጥቂት እንዳልሆነ ፊታችሁ ላይ ያስታውቃል። አትሸማቀቁ። ሞለኪዩላር ባዮሎጂን ካቆሙት ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ከሌላ ሙያ የመጡ ናቸው። ፍራንሲስ ክሪክ መነሻው ፊዚክስ ነበር። ማክስ ዴልብሩክም እንደዚያው። "ከመጀመሪያው ባዮሎጂ አላጠናችሁም" ብሎ ያባረራቸው የለም።

የተሰጠኝ ርዕስ "ሞለኪዩላር ባዮሎጂን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መማር" የሚል ነው። አዘጋጆቹ ይቅር ይበሉኝና ደረቅ ርዕስ ነው። የኮርስ ዝርዝርና የክሬዲት ሰዓት የፈለገ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያገኘዋል። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው ይዤ የመጣሁት። እዚህ ቤት ከሁሉ በፊት የምትማሩት "እንዴት አወቅን?" ብሎ መጠየቅን ነው። እግረ መንገዴን ዓመተ ምሕረት ስጠራ ሁሉንም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንደሆነ ያዙልኝ።

ለምን ይህን አልኩ? የምናጠናው ነገር አይታይማ። የዘር መረጃ የያዘው ሞለኪዩል፣ ዲኤንኤ፣ ውፍረቱ ሁለት ናኖሜትር ነው። የሜትር ሁለት ቢሊዮንኛ ማለት ነው። በአንድ የሰው ሴል ውስጥ ያለውን ዲኤንኤ በሙሉ ብንቀጣጥለው ደግሞ ሁለት ሜትር ገደማ ይረዝማል። ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ያ ሁሉ ታጭቆ የሚኖረው የሚሊሜትር መቶኛ በምታህል ቦታ ውስጥ ነው።

የዕፅዋት ተማሪ ቅጠሉን በእጁ ይዞ ያየዋል። የጂኦሎጂ ተማሪ ድንጋዩን በመዶሻ ይመታዋል። እናንተ ግን ዓመታችሁን የምትጨርሱት ጥርት ያለ ፈሳሽ ከአንዷ ቱቦ ወደ ሌላዋ ስታዘዋውሩ ነው። ኢንዛይሙ ውኃ ይመስላል። ዲኤንኤው ውኃ ይመስላል። ውኃውም ውኃ ይመስላል። በስህተት የጨመራችሁት ነገር ሳይቀር ውኃ ይመስላል። ስለዚህ ቱቦው ውስጥ ምን እንዳለ በዓይናችሁ አትፈርዱም። የምታምኑት ማስረጃ ሲኖራችሁ ነው።

በመጀመሪያዎቹ የላብ ሰዓቶች ከፍራፍሬ ወይም ከራሳችሁ ጉንጭ ሴል ዲኤንኤ ታወጣላችሁ። ሥራው ቀላል ነው። ሳሙና የሴሉን ሽፋን ይበጣጥሰዋል። ጨው ይጨመራል። በላዩ ላይ በጣም የቀዘቀዘ አልኮል በቱቦው ግድግዳ በኩል ቀስ ተደርጎ ይወርዳል። ትንሽ ቆይቶ ሁለቱ ፈሳሾች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነጭ፣ ዝልግልግ ያለ ክር ይንሳፈፋል። ያኔ ሁሉም ስልኩን ያወጣል። ፎቶ ይነሳል፣ "ዲኤንኤ አየን!" ይባላል። እኔ በመካከል እገባና "ዲኤንኤ መሆኑን በምን አወቃችሁ?" እላለሁ። ጸጥ።

ነገር ለማበላሸት ብዬ አይደለም። ያ ነጭ ነገር ውስጥ ፕሮቲን አለ፣ የዲኤንኤ ዘመድ የሆነው አርኤንኤ አለ፣ ከፍራፍሬ ከወጣ ደግሞ ሌላም ዝልግልግ ነገር አለ። ይህችኑ ጥያቄ በ1944 ኦስዋልድ ኤቨሪ፣ ኮሊን ማክላውድና ማክሊን ማካርቲ በሚገባ መልሰዋታል። ጉዳት የማያደርስ የሳንባ ምች ባክቴሪያ ከገዳዩ ዓይነት የተወሰደ ጭማቂ ሲሰጠው ወደ ገዳይነት ይለወጥ ነበር። ከጭማቂው ውስጥ የሚለውጠው የትኛው ነው? ፕሮቲን የሚያፈርስ ኢንዛይም ጨመሩበት፤ መለወጡ ቀጠለ። አርኤንኤ የሚያፈርስ ጨመሩ፤ አሁንም ቀጠለ። ዲኤንኤ የሚያፈርስ ሲጨምሩ ግን ቆመ። ዲኤንኤውን በዓይኑ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። የሠሩት አንዱን እያጠፉ ምን እንደሚጎድል መጠበቅ ነው። እናንተም በዚያች ነጭ ክር ላይ ያንኑ ማድረግ ትችላላችሁ። ዲኤንኤ የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ጨምራችሁ ክሩ ከሟሟ፣ ያኔ ፎቶውን ለጥፉ።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ይህኛውን ትንሽ ረጋ ብዬ ነው የምነግራችሁ፣ ምክንያቱም ከሁሉም ሙከራዎች አብልጬ የምወደው እሱን ነው። በ1958 ማቲው ሜሰልሰንና ፍራንክሊን ስታል ያሳተሙት ሥራ ነው። ጥያቄው አጭር ነው። ዲኤንኤ የተጣመሩ ሁለት ክሮች ነው፤ ሲባዛ አሮጌው ጥንድ ምን ይሆናል? ሊሆን የሚችል ሦስት መልስ ነበር። አንደኛ፣ አሮጌው ጥንድ እንዳለ ይቀራል፣ አዲሱ ሙሉ በሙሉ አዲስ ሆኖ ይሠራል። ሁለተኛ፣ ጥንዱ ይለያያል፣ እያንዳንዱ አሮጌ ክር አዲስ ጓደኛ ያገኛል። ሦስተኛ፣ አሮጌውና አዲሱ እየተቆራረጠ ይደባለቃል።

ባክቴሪያዎቹን ለብዙ ትውልድ ከባድ ናይትሮጅን መገቧቸው። ናይትሮጅን 15 ይባላል። ዲኤንኤያቸው ክብደት ጨመረ። ከዚያ ወደ ተራው ናይትሮጅን 14 አዛወሯቸው። ከአሁን በኋላ የሚሠራው ክር ሁሉ ቀላል ነው ማለት ነው። ዲኤንኤውን አውጥተው ሲዚየም ክሎራይድ በሚባል ጨው ውኃ ውስጥ ለሰዓታት በከፍተኛ ፍጥነት አሽከረከሩት። በዚያ ፈሳሽ ውስጥ ከባዱ ወደ ታች፣ ቀላሉ ወደ ላይ ቦታውን ይይዛል።

ባክቴሪያዎቹ አንድ ጊዜ ከተባዙ በኋላ አንድ መስመር ብቻ ታየ። መካከል ላይ። ከባድም አይደለም፣ ቀላልም አይደለም። የመጀመሪያው መልስ እዚህ ጋ ሞተ። እሱ ትክክል ቢሆን ኖሮ አንድ ከባድ፣ አንድ ቀላል፣ ሁለት መስመር ነበር የምናየው። አብዛኛው ተማሪ እዚህ ላይ "በቃ፣ ሁለተኛው ነው" ብሎ ደብተሩን ይዘጋል። አልተዘጋም። ሦስተኛውም እኮ መካከል ላይ አንድ መስመር ይሰጣል። ስለዚህ ባክቴሪያዎቹ አንድ ጊዜ ደግመው እስኪባዙ ተጠበቀ። አሁን ሁለት መስመር ታየ፤ አንዱ መካከል፣ አንዱ ቀላሉ ቦታ። ቢደባለቅ ኖሮ ያው አንዱ መስመር ትንሽ ወደ ላይ ሸርተት ይል ነበር እንጂ ለሁለት አይከፈልም። ሁለተኛው መልስ ብቻውን ቀረ።

ፈተና ላይ "የዲኤንኤ መባዛትን በሥዕል አሳይ" ስል የሚመጣው ሥዕል ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው። ባለ ቀለም እስክሪብቶ፣ ቀስት፣ የኢንዛይሞቹ ስም ከነቁጥራቸው። "የመጀመሪያው መልስ ትክክል ቢሆን ኖሮ ምን እናይ ነበር?" ስል ግን ግማሹ ክፍል ጣራ ጣራ ያያል። ሽምደዳ እስከ ፈተናው ድረስ ያደርሳችኋል፤ አልዋሻችሁም። ችክል አድርጋችሁ ኤ ልታመጡ ትችላላችሁ። ላብ ውስጥ ውጤታችሁ ከመጽሐፉ ጋር አልገጥም ያለ ቀን ግን ሽምደዳው ምንም አያደርግላችሁም። ያ ቀን ደግሞ ብዙ ጊዜ ይመጣል።

አሁን ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲው ልምጣ። ክላሱ ይሞላል። የላብ ቡድኑ ይበዛል። ዲኤንኤን በዙር እያሞቀና እያቀዘቀዘ የሚያባዛ አንድ ፒሲአር ማሽን አለ፣ ወረፋ አለ፣ የታዘዘው ኬሚካል ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ይመጣል። ጥቂት ፈሳሽ ለክቶ በሚስብ በአንድ ፒፔት ዙሪያ ስድስት ተማሪ ይቆማል። አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አራቱ ያያሉ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ አራቱም "ፒሲአር ሠርተናል" ይላሉ። አልሠራችሁም። ሲሠራ አይታችኋል።

ምክሬ አጭር ነው፤ ፒፔቱን ያዙ። ቅደም ተከተል አውጡና በየሳምንቱ ተቀያየሩ። ጎበዙ ልጅ ሁሌ ይዞት ከቆመ በትሕትና ተቀበሉት። ፒፔት የእጅ ሥራ ነው። አውራ ጣታችሁ ሁለት ማቆሚያ ያገኛል። እስከ መጀመሪያው ተጭናችሁ ትስባላችሁ፣ ስትለቁ እስከ ሁለተኛው ትጨምቃላችሁ። ጀማሪ እስከ ሁለተኛው ተጭኖ ይስብና ከሚገባው በላይ ይወስዳል። ወይም ጣቱን ድንገት ይለቅና የአየር አረፋ ይገባበታል። የሚለካው ሁለት ማይክሮሊትር፣ ማለትም የሊትር ሁለት ሚሊዮንኛ ከሆነ ደግሞ የጫፉ ውጫዊ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የቀረው ጠብታ ብቻ ሥራውን ያበላሸዋል።

ለመለማመድ ውድ ኬሚካል አያስፈልግም። ውኃና ሚዛን ይበቃል። መቶ ማይክሮሊትር ውኃ አንድ መቶ ሚሊግራም ይመዝናል። ደጋግማችሁ ሳቡ፣ ደጋግማችሁ መዝኑ። ቁጥሩ ከመቶ ብዙ ከራቀ፣ ወይም በየጊዜው ከዘለለ፣ ችግሩ ከጣታችሁ ነው ወይም ከፒፔቱ። የቱ እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ ጓደኛችሁ በዚያው ፒፔት ይሞክር። አያችሁ፣ እዚህም "እንዴት አወቅን?" ነው።

እጥረቱን ላሞግሰው አልፈልግም። ዕቃ ማጣት ምንም ክብር የለውም፣ ያማርራል። ግን "እዚህ ተምረን የት እንደርሳለን?" ለምትሉኝ ታሪኩን ጠይቁ እላለሁ። በ1966 ቶማስ ብሮክ የሚባል የአሜሪካው ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ መምህር ሃድሰን ፍሪዝ ከሚባል ተማሪው ጋር በየሎስቶን ፓርክ ፍል ውኃ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ለይቶ አሳደገ። ፍሪዝ ገና የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ነበር። እንደ እናንተ። ዩኒቨርሲቲውም የመንግሥት ነው። ባክቴሪያው ሰባ ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን ይመቸዋል። ስሙን ቴርመስ አኳቲከስ አሉት፣ በ1969 አሳተሙት። ለምን ይጠቅማል ቢባሉ የሚሰጡት መልስ "ሕይወት እስከ ስንት ዲግሪ ትችላለች?" የሚል ጉጉት ብቻ ነበር።

በ1976 ደግሞ አሊስ ቺየንና ባልደረቦቿ በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ከዚሁ ባክቴሪያ ዲኤንኤ የሚገነባውን ኢንዛይም አጥርተው አወጡ። በ1983 ኬሪ ሙሊስ ፒሲአርን አሰበ። ሐሳቡ ግሩም ነው፣ አንድ ጣጣ ግን ነበረበት። በየዙሩ ዲኤንኤውን ለመክፈት ወደ 95 ዲግሪ ማሞቅ ያስፈልጋል፣ በዚያ ሙቀት ደግሞ የሚጠቀሙበት ኢንዛይም ይሞታል። በየዙሩ ክዳን እየከፈቱ አዲስ መጨመር ነበረባቸው። የፍል ውኃው ኢንዛይም ሲገባ ጣጣው ቀረ። ሙቀቱን ይችለዋል፣ ቱቦው አንዴ ተዘግቶ ሥራው እስኪያልቅ ይቆያል። ዲኤንኤው በየዙሩ እጥፍ ይሆናልና ከሠላሳ ዙር በኋላ አንዷ ቅጂ፣ ሁሉ ነገር ከተሟላ፣ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ትሆናለች። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ አፍንጫችሁ ውስጥ የገባው እንጨት መጨረሻው እዚህ ማሽን ውስጥ ነበር።

ዲኤንኤን በተመረጠ ቦታ የሚቆርጠው ክሪስፐርም ከዚህ የተለየ ታሪክ የለውም። ፍራንሲስኮ ሞሂካ በስፔን አሊካንቴ ዩኒቨርሲቲ፣ እሱም የመንግሥት ነው፣ ጨዋማ ረግረግ ውስጥ የሚኖር ጥቃቅን ፍጡር ዲኤንኤ ላይ የሚደጋገሙ ፊደላት አይቶ በ1993 ጻፈ። ዮሺዙሚ ኢሺኖና ባልደረቦቹ ጃፓን ኦሳካ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር በባክቴሪያ ላይ በ1987 አይተው ነበር። ሞሂካ አልተወውም። በድግግሞሾቹ መካከል ያሉት ቁራጮች ከቫይረስ የመጡ መሆናቸውን ሲደርስበት ጽሑፉን አንድ መጽሔት ከሌላው እየተቀባበለ መለሰለት። በ2005 ታተመ። ከዚያ በ2012 ጄኒፈር ዳውድናና ኢማኑኤል ሻርፓንቲዬ መቁረጫ መሣሪያ አደረጉት፣ በ2020 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ዳውድና አሜሪካ በርክሊ፣ ሻርፓንቲዬ በዚያን ጊዜ ስዊድን ኡሜኦ ነበሩ። ሁለቱም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው።

ዛሬ ደግሞ ወረፋ የማያስይዝ ላብ አለ። ኢንተርኔት ያለው ኮምፒውተር ይበቃል። በ1996 የሰውን ጂኖም፣ ማለትም ሙሉውን ዲኤንኤ የሚያነቡት ሰዎች ቤርሙዳ ላይ ተሰብስበው ያነበቡትን በ24 ሰዓት ውስጥ ለሁሉም በነፃ ለመልቀቅ ተስማሙ። ጂንባንክ በሚባለው የመረጃ ቋት ውስጥ ያለውን የዲኤንኤ ቅደም ተከተል ማንም ያወርደዋል። ብላስት በሚባለው መፈለጊያ አንድ ቅደም ተከተል አስገብታችሁ ዘመዶቹን ታገኛላችሁ። ሀብታም ዩኒቨርሲቲ ያለ ተማሪም የሚከፍተው ያንኑ ገጽ ነው። ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ትንሽ ብትማሩ ደግሞ ነገሩ ይሰፋል። ሒሳብ ሽሽት ባዮሎጂ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። መጥፎ ዜና ነው፤ ሒሳቡ ቀድሟችሁ መጥቷል። ከሁሉም ይልቅ ተማሪ የሚሰናከለው ማቅጠን ላይ ነው። አሥር እጥፍ አቅጥን ሲባል አንድ እጅ በአሥር እጅ ላይ የሚጨምር አለ። አንድ በዘጠኝ ላይ ነው።

ዲኤንኤን በርዝመቱ የምንለይበት ጄል ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም "እንዴት አወቅን?" የምትለው ጥያቄ ተጨባጭ የምትሆነው እዚያ ነው። አጋሮዝ የሚባለውን ዱቄት በፈር በሚባል ጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ ታፈላላችሁ፣ ማበጠሪያ በተሰካበት ሳህን ላይ ታፈሳላችሁ፣ ሲረጋ ማበጠሪያው ይነቀልና ትናንሽ ጉድጓዶች ይቀራሉ። ከፒሲአር የወጣውን ናሙናችሁን ከሰማያዊ ቀለም ጋር ቀላቅላችሁ አንድ በአንድ ትሞላላችሁ። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ያለ ነው። ክርናችሁን ጠረጴዛው ላይ አስደግፉ። ዲኤንኤ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው ኤሌክትሪኩ ሲለቀቅ ወደ ፖዘቲቩ፣ ወደ ቀዩ ሽቦ ይሮጣል። አጭሩ ይፈጥናል፣ ረጅሙ ይዘገያል። ሽቦውን ገልብጦ የሰካ ሰው ናሙናው በኋላ በር ወጥቶ በበፈሩ ውስጥ ሲጠፋበት ያያል።

ሲያልቅ ብርሃን ይበራበታል፣ መስመሮች ይታያሉ። ሁሉም የሚያየው የራሱን ናሙና ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው መጨረሻ ያለውን ጉድጓድ ነው። የእሱ ፒሲአር ሲሠራ ዲኤንኤ አልጨመርንም። በዲኤንኤው ቦታ የገባው ውኃ ነው። ኔጌቲቭ ኮንትሮል እንለዋለን። እዚያ መስመር ከታየ የሌሎቹ ጉድጓዶች ውበት ዋጋ የለውም። አንድ ነገር ተበክሏል፤ ውኃው ይሁን፣ የፒሲአር መነሻ የሆነው አጭር ክር፣ ፕራይመሩ ይሁን፣ የሠራው ሰው እጅ ይሁን። የበሽታ ምርመራ ላይ ብትሆኑ ኖሮ ጤነኛውን ሰው "ታመሃል" ብላችሁ ትልኩት ነበር። ቱቦ ለመቆጠብ ብሎ ኮንትሮሉን የሚዘል ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። ኬሚካል ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። እኔ ብሆን ከናሙናዎቹ አንዱን እቀንሳለሁ እንጂ እሱን አልነካውም።

ሥራ ይገኛል ወይ? ይህን ሳትጠይቁኝ እንደማትለቁኝ አውቃለሁ። የሆስፒታል ምርመራ ላብ፣ የሰብል ማሻሻያ፣ የምግብ ደኅንነት፣ የወንጀል ምርመራ፣ ክትባትና መድኃኒት፤ ሙያው በእነዚህ ሁሉ ቦታ ይፈለጋል። ግን ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ። በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ብዙ ጊዜ የምትሠሩት ሌላ ሰው የጻፈውን መመሪያ ነው። የራሳችሁን ጥያቄ ይዛችሁ ላብ ለመግባት ሁለተኛ ዲግሪ፣ ከዚያም በላይ መቀጠል ያስፈልጋል። ይህን ዛሬ አውቃችሁ ብትገቡ ይሻላል። ቀጣሪውም ቢሆን ከትራንስክሪፕቱ ቀጥሎ የሚጠይቀው "በእጅህ ምን ሠርተሃል?" ብሎ ነው። ለዚህ ነው ፒፔቱን ያዙ ያልኳችሁ።

የላብ ደብተር ላይ ብዙ አልልም። ቀን ጻፉ፣ የቱቦውን ቁጥር ጻፉ፣ ያልሠራውንም ጻፉ። በእስክሪብቶ ይሁን፤ የተሳሳተውን በአንድ መስመር ሰርዙት እንጂ አትፋቁት።

በመጨረሻው ዓመት ፕሮጀክት ትመርጣላችሁ። ሁሉም ካንሰር መፈወስ ይፈልጋል። አንዲት ትንሽ ጥያቄ ምረጡ። ባለው ዕቃ፣ ባለው ጊዜ መልስ የምታገኝ፣ መልሷ "አይደለም" ቢሆንም እንኳ አንድ ነገር የምታስተምር። አድቫይዘር ስትመርጡ ደግሞ ስሙ ትልቅ የሆነውን ብቻ አትከተሉ። ትልቅ ስም ያለው ሰው አንዳንዴ ስብሰባ ላይ ነው የሚውለው። እሱን ራሱን ከማናገራችሁ በፊት አብረውት የሚሠሩትን ተማሪዎች ላብ ድረስ ሄዳችሁ ጠይቋቸው። በሳምንት ስንት ጊዜ ያገኙታል? የላኩለትን ጽሑፍ አንብቦ በስንት ጊዜ ይመልሳል? ውጤቱ አልመጣ ሲል ይቆጣል ወይስ ኮንትሮሉን አሳዩኝ ይላል? ስለ እኔም ጠይቁ። የሚሉትን ይነግሯችኋል፣ እኔም በኋላ ማን እንደነገራችሁ አልጠይቅም።